«ነግሬዋለሁ» እና «ይረሳዋል»

በዚህች ጋዜጣ ላይ ብዕር የሚማዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሀገርና ስለ መንግሥት፣ ስለ ትምህርትና ስለ እንጀራ ነው። ይኸም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ከትራስ ሥር ስለሚያድር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሕፃናት ባሉበት ቤት ጥይት እንደ ጎረሰ ስለሚቀመጥ ጠመንጃና ሽጉጥ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የፖሊስ ሥራ ነው» ብለህ ገጹን አትግለጥ። አደጋው የሚመጣው ስለ ሕፃን ትዝታ ካለን የተሳሳተ እምነት ስለ ሆነ፣ የተማሪና የመምህር ጉዳይም ነው።

መሣሪያ በቤቱ የሚያኖር ሰው ስለ ልጁ ሲጠየቅ ሁለት መልስ አለው። ከአደጋ በፊት «ነግሬዋለሁ፤ አይነካም» ይላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ስለ ተረፈው ልጅ «ሕፃን ነው፤ ይረሳዋል» ይላል፤ ለቅሶ ደራሹም ይህንኑ ተቀብሎ ያጽናናዋል። እነዚህን ሁለት መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመርምራቸው። የመጀመሪያው የልጁን ትዝታ እንደ ብረት ሣጥን ይቆጥረዋል፤ አንድ ጊዜ የገባ ማስጠንቀቂያ ከዚያ አይወጣም። ሁለተኛው እንደ ወንፊት ይቆጥረዋል፤ ነፍስ የጠፋችበት ቀን እንኳ ሾልኮ ይወርዳል። አንድ የሕፃን ጭንቅላት ጠዋት ሣጥን፣ ማታ ወንፊት ሊሆን አይችልም። እኔ እንደማምነው ሁለቱም መልሶች ሐሰት ናቸው። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዐዋቂውን ከኃላፊነት ያወርዱታል። አበው «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ከመጀመሪያው መልስ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆነ 64 ወንዶች ልጆች፣ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ በ29 ቡድን ተከፍለው ወደ አንድ ክፍል ገቡ። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ውሃ የሚረጩ መጫወቻ ሽጉጦችና ጥይት የሌለው አንድ እውነተኛ ሽጉጥ ተቀምጠው ነበር። ተመራማሪዎቹ በመስታወት በስተጀርባ ሆነው ይመለከታሉ። ከ29ኙ ቡድኖች 21ዱ እውነተኛውን ሽጉጥ አገኙት፤ ካገኙት 16ቱ አንሥተው ነካኩት፤ በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ቃታውን ሳበ። ሽጉጡን ከነኩት ወይም ቃታውን ከሳቡት ልጆች ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ከዚያ በፊት ተነግሯቸው እንደ ነበር ገልጸዋል። እንግዲህ «ነግሬዋለሁ» የሚለው ቃል የታለ?

እነዚያ ልጆች ትልልቆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች «አትንካ፤ ከቦታው ራቅ፤ ለትልቅ ሰው ንገር» የሚለውን ትምህርት ተምረው ነበር። ሲጠየቁ በቃላቸው አነበነቡት። መሣሪያውን ብቻቸውን ባገኙት ጊዜ ግን ብዙዎቹ የተማሩትን አልፈጸሙም። ይህ የልጅ ክፋት አይደለም፤ የልጅ ትዝታ ጠባዩ ነው። ማስጠንቀቂያው በአፉ ላይ አለ፤ ብቻውን በሆነበት ሰዓት ከአፉ ወርዶ እጁን አይገታም። በሌላ በኩል ያው ልጅ አባቱ መሣሪያውን ሲወለውል፣ ሲያነጣጥር፣ በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ ሲተኩስና እልል ሲባልለት በዐይኑ አይቷል። «አትንካ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ትርኢት ያሸንፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም ማለት ነው።

«የት እንዳለ አያውቅም» የሚለውም መከላከያ እንደዚሁ ደካማ ነው። በአሜሪካ፣ በአላባማ ገጠር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጽሑፍ ወላጆችና ልጆች ለየብቻ ተጠየቁ። «ልጄ መሣሪያው የሚቀመጥበትን አያውቅም» ካሉት ወላጆች ከመቶው 39ኙን ልጆቻቸው ራሳቸው አስተባበሏቸው። «ልጄ ነክቶት አያውቅም» ካሉትም ከመቶው 22ቱን እንዲሁ። ወላጅ ስለ ቤቱ የሚያውቀው፣ ልጅ ስለዚያው ቤት ከሚያውቀው ያነሰ ነው።

«ጣቱ ቃታ አይስብም» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት የሕፃናትን የጣት ጉልበት ለክቶ ነበር። አራት ኪሎ ተኩል ያህል የሚከብድ ቃታ ለመሳብ የሚበቃ ጉልበት ከ3 እስከ 4 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው 25ቱ፣ ከ5 እስከ 6 ዓመት ካሉት 70ዎቹ፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ካሉት ደግሞ 90ዎቹ ነበራቸው። ልጅ ቃታውን በአንድ ጣት ባይችለው በሁለት ይስበዋል፤ ያም ባይሆን አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ በአውራ ጣቱ ሊገፋው ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ እንሻገር። በዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ጥቂት እውነት በእጃቸው አለ፤ አልክዳቸውም። ፍሮይድ «የሕፃንነት መርሳት» ብሎ የሰየመው ነገር በእርግጥ አለ። ዐዋቂ ሰው የመጀመሪያ ትዝታህ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ በአማካይ የሚያስታውሰው ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የደረሰውን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የባወርና የላርኪና ጥናት ደግሞ ልጆች በሦስት ዓመታቸው ካወሯቸው ነገሮች ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲሆናቸው ከመቶው ከ60 የሚበልጠውን እንደሚያስታውሱ፣ 8 እና 9 ሲሞላቸው ግን ከ40 በታች እንደሚወርድ አሳይቷል። «ይኸው፣ ሊቃውንቱም ይረሳል አሉ!» ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፤ ሊቃውንቱ ንግግራቸውን አልጨረሱም።

ሌኖር ቴር የተባለች የአእምሮ ሐኪም፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን 20 ልጆች መርምራ እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፋለች። አደጋው ሲደርስ ከሁለት ዓመት ተኩል ወይም ከሦስት ዓመት በታች የነበሩት በአብዛኛው ነገሩን በቃል ሊናገሩት አልቻሉም። ነገር ግን በጨዋታቸው፣ በፍርሃታቸውና በአድራጎታቸው የደረሰባቸው ነገር እንደ ነበረ ይታይ ነበር። በኒው ዚላንድ ሲምኮክና ሄይን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ትንንሽ ልጆች ያዩትን ነገር ከወራት በኋላ በድርጊት ሊያሳዩት ይችሉ ነበር፤ በቃል ሲናገሩ ግን ነገሩ በደረሰበት ጊዜ የማያውቁትን ቃል አንድም ጊዜ ለዚያ ነገር አልተጠቀሙበትም። ቋንቋቸው አድጓል፤ ትዝታው ግን በድሮው ቋንቋ ተቆልፎ ቀርቷል። በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ካሮል ፒተርሰን ቆስለው ሆስፒታል የገቡ ልጆችን ስትከታተል፣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች የደረሰባቸውን ጉዳት ከአምስት ዓመት በኋላም እንደሚተርኩ አግኝታለች።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የሕፃን ዝምታ መርሳት አይደለም። ያልተናገረው ቃል ስለሌለው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቤቱ ሁሉ ዝም ስላለ እርሱም ዝም ማለትን ተምሮ ሊሆን ይችላል። የአራት ዓመት ልጅ ታናሹን ገደለ እንበል። ቤተ ዘመዱ «የሰይጣን ሥራ ነው፤ አታንሱበት» ይላል። ልጁ ያደገው ግን ስሙ ሲጠራ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ በሚያደርጉበት መንደር ውስጥ ነው። ቀኑን ራሱን ባያስታውሰው እንኳ፣ አንድ ቀን በጠብ መካከል አንድ የሰፈር ልጅ ይነግረዋል። ያን ጊዜ ከራሱ ትዝታ የሚመልሰው ነገር የለውም፤ የተሰጠውን ስም ተሸክሞ ይሄዳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በዚህ ዐይነቱ አደጋ ወጊ የተባለው ልጅ ራሱ ተወጊ ነው። የሚረሳው ማነው? ጥይቱን አጉርሶ ትራስ ሥር ትቶ የሄደው ዐዋቂ ነው፤ እርሱ የሕፃንነት መርሳት ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጣጣ ነው» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። አዎን፣ ቁጥሩ የአሜሪካ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 የጦር መሣሪያ ከ1 እስከ 19 ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ሆኗል። የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤታቸው ከ2003 እስከ 2021 በድንገተኛ ተኩስ የሞቱትን 1,262 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በገዛ ቤታቸው ነው። አቀማመጡ ከታወቀው መሣሪያ ከአራት ሦስት እጁ ያህል ጥይት እንደ ጎረሰና ሳይቆለፍ የተቀመጠ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የተገኘው ከመኝታ አጠገብ ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የአሜሪካ ልጅ ጣትና የጎጃም ልጅ ጣት ልዩነታቸው ምንድን ነው? የአትላንታ መሳቢያና የእኛ አገር ምሰሶ፣ የእነርሱ ኮሞዲኖና የእኛ መደብ ለልጅ እጅ ርቀታቸው አንድ ነው። አትላንታ ራሷም ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባት ከተማ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ጠመንጃ ክብር ነው፤ ከዚያም በላይ ጠላት አለብኝ፣ ሽፍታና ሌባ አለብኝ፤ ቆልፌ ባስቀምጠው በጭንቅ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?» ይባላል። ይህን ሰው አልሳለቅበትም፤ በብዙ ቦታ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይመልስልኝ። አንተ ወደ እርሻ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እቤት የቀረው የጎረሰ ጠመንጃ ማንን ይጠብቃል? ጠባቂው አንተ ነህ፤ አንተ በሌለህበት ጠመንጃው የሚያገኘው የመጀመሪያ እጅ የልጅህ ነው። በእጅህ ያለውን ያዝ፤ ከእጅህ ስታወጣው ግን ጥይቱን አውጣና ቆልፍበት። «ካዝናውን ነቅያለሁ» ብለህም አትታለል፤ ካዝናው ሲነቀል አስቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት አብሮ አይወጣም፤ ያ አንድ ጥይት ለአንድ ልጅ ይበቃል።

ይህ ባዶ ምክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አራት ልማዶችን መዝኖ ነበር፤ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ማውጣት፣ ጥይቱን መቆለፍና ጥይቱን ለብቻው ማስቀመጥ። አራቱም እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርሰው አደጋ መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 መሣሪያውን ለሕፃን እጅ አጋልጦ የሚተወውን ባለቤት ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመረመር፣ እንዲህ ያለ ሕግ በጸናባቸው 12 ግዛቶች ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በድንገተኛ ተኩስ መሞት ከመቶው በ23 ቀንሶ ተገኘ። የእነዚህ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጥያቄው «ልጁ ያስታውስ ነበር ወይ?» የሚል ሳይሆን «አንተ ቆልፈህ ነበር ወይ?» የሚል ነው። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ይሁን እንጂ ማንም አዋጅ በየሌሊቱ እየመጣ ትራስ አያነሣም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። መምህሮቻችን ሆይ፣ ስለ ሕፃን አእምሮ በክፍል ውስጥ የምታስተምሩን ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር አታድርጉ፤ ነገ በየወረዳው መምህርና ጤና ባለሙያ ሆኖ የሚሄደው ተማሪያችሁ ይህን ለወላጅ የሚናገርበት አንደበት ስጡት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የተማርነውን በፍልስፍና ክርክር ብቻ አናሳይ። መሣሪያ ባለበት ቤት ውስጥ አባትን ማዘዝ ነውር ነው፤ መለመን ግን ነውር አይደለም። «አባባ፣ ጥይቱን ያውጡልን፤ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ ይሁን» የሚል ልጅ አባቱን አላዋረደም፤ የቤቱ አዛዥ ማን እንደ ሆነ አስታወሰ እንጂ። አደጋ በደረሰበት ቤት ደግሞ የተረፈውን ሕፃን በዝምታ አንቅበረው። በዕድሜው ልክ፣ በእውነተኛ ቃል፣ ጥፋቱ የትልቅ ሰው እንጂ የእርሱ እንዳልነበረ ይነገረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እያደገ ሲሄድ ደጋግሞ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ጓጉንቸርና የአንድ ደቂቃ ትጋት ነው። ሕፃን እንዲያስታውስ አንፈረድበት፤ እንዲረሳም አንጠብቅበት። ማስታወስ የሚገባው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።