አሸናፊውን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው ወይስ ጠረጴዛው?

የፑል ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ነገሩን እንደ ዋዛ ይመለከቱታል፤ ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው ያልፉታል። እኛ ስለ ጨዋታው ጥቅምና ጉዳት ለመከራከር አልተነሣንም። የተነሣነው፥ በዘጠኝ ኳስ እየተወዳደሩ እንጀራቸውን የሚበሉት ባለሙያዎች ማሸነፍና መሸነፋቸው ምን ያህሉ በገዛ እጃቸው፥ ምን ያህሉስ ደንቡን በጻፈውና ጠረጴዛውን ባሰናዳው ሰው እጅ እንደሆነ ለመመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ለመግለጽ፥ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያላቸው ኳሶች በአልማዝ ቅርጽ ይደረደራሉ። ነጯ ኳስ በቅድሚያ መንካት የሚገባት በጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ ትንሹን ቁጥር ነው። ተጫዋቹ እያስገባ እስከ ቀጠለ ድረስ ተራው የእሱ ነው፤ ዘጠነኛዋን በደንቡ ያስገባም ጨዋታውን ይወስዳል። ባላጋራው እስከዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

በመጀመሪያ ጠረጴዛውን እንመልከት። እኛ በየፑል ቤቱ የለመድነውን፥ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለውንና ጨርቁ የተጣፈውን ማለታችን አይደለም። የዓለም ውድድር የሚካሄድበት ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ነው፤ የመጫወቻው ሜዳ 100 ኢንች በ50 ኢንች ይሆናል። ኳሷ 2 ኢንች ከሩብ ትሰፋለች። በ1987 የተቋቋመው የዓለም ፑል ማኅበር ለማዕዘን ቀዳዳ የወሰነው ትንሹ ስፋት 4 ኢንች ተኩል ነው፤ ይኸውም ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ልክክ ብለው የሚያልፉበት ማለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የታላላቆቹ ውድድሮች አዘጋጆች ቀዳዳውን ወደ 4 ኢንች አጥብበውታል። ግማሽ ኢንች ምን አላት የሚል ይኖር ይሆናል። ብዙ አላት! ዱሮ የቀዳዳውን ከንፈር ታክካ ትገባ የነበረችው ኳስ ዛሬ ተንገጫግጫ ትመለሳለች። ስለዚህ በድፍረት ይመታ የነበረው ተጫዋች ድፍረቱን ትቶ ነጯን ኳስ ከሌላ ኳስ ጀርባ መደበቅ ይጀምራል። ደፋሩ ይቀጣል፤ ጠንቃቃው ይሾማል።

ጨርቁም የራሱ ጠባይ አለው። አዲስና ደረቅ ሲሆን ኳሱ ይንሸራተታል፤ ጠርዝ ነክቶ የሚመለስበትም መንገድ ይለወጣል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ደግሞ ኳሱ ይከብዳል። የቴሌቪዥን መብራት በሚያሞቀው ዋና ጠረጴዛ ላይ ሲጫወት የሰነበተ ሰው፥ ከአዳራሹ ዳር ካሉት ጠረጴዛዎች መጥቶ ድንገት ከሚገጥመው ይልቅ ነገሩን እንደሚያውቀው አያጠራጥርም። ይህን ዕድል ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን የአዘጋጁ ሥራ ነው እንላለን።

ደንቡስ? ዱሮ በአሜሪካ አንድ ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ወዲያው ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ባላጋራው ነጯን ኳስ በፈለገው ቦታ የሚያስቀምጠው ሁለት ጥፋት በተከታታይ ሲፈጸም ብቻ ነው። ስለዚህ የተደበቀበት ሰው ነጯን ኳስ ወደሚመቸው ቦታ ገፋ አድርጎ ማምለጥ ይችል ነበር። በኋላ «ቴክሳስ ኤክስፕረስ» የተባለው ደንብ ሲስፋፋ አንድ ጥፋት ብቻ በቂ ሆነ፤ ገፍቶ ማምለጥም ከመክፈቻው ምት በኋላ ላለው አንድ ምት ብቻ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት ነጯን ኳስ ከጠርዝ አንጥሮ የተደበቀችውን ኳስ የማግኘት ብልሃት ዋጋው ናረ። ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ በ1995 ሬኖ ከተማ ላይ ከኤርል ስትሪክላንድ ጋር ሲጫወት ሁለት ጠርዝ አስነክቶ 5 ቁጥርን ያስገባበት ምት እስከ ዛሬ የሚወራለት እንዲያው በከንቱ አይደለም። ያን ምት የወለደው የሬየስ እጅ ብቻ ሳይሆን ደንቡም ጭምር ነው።

ዋናው በሽታ ግን፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ መክፈቻው ምት ላይ ነው። በ2001 ኮሪ ዱኤል የተባለው አሜሪካዊ ኳሶቹን በኃይል ከመበተን ይልቅ ለስለስ አድርጎ እየመታ የዳሩን ኳስ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ ይልክ ነበር፤ የአሜሪካን ኦፕን ፍጻሜ 11 ለ0 አሸነፈ። ሰውየው ደንብ አልጣሰም፤ ደንቡ የፈቀደለትን አነበበ እንጂ። ከዚያ ወዲህ 9 ቁጥርን አንደኛዋ ትቆምበት በነበረው ነጥብ ላይ መደርደር፥ ከመክፈቻው በኋላ የተወሰኑ ኳሶች መስመር እንዲያልፉ ማስገደድ፥ ድርደራውን ለዳኛ መስጠት፥ ይህ ሁሉ ተሞክሯል። ጥሩ ነው። ታዲያ ይህን ማድረግ እየተቻለ ቀዳዳ ማጥበቡ ለምን አስፈለገ? ራሱን ላመመው ሰው እግሩን ማሰር አይሆንምን?

ደግሞም በብዙ ውድድር የሚከፍተው ያለፈውን ጨዋታ ያሸነፈው ነው። ስትሪክላንድ በ1996 በቴክሳስ 11 ጨዋታ በተከታታይ ጠራርጎ ወስዷል፤ ድንቅ ችሎታ መሆኑን ማንም አይክደውም። ተሸንፎ የነበረውም በዚሁ ደንብ ተንሠራርቶ ሊመለስ ይችላል የሚሉትን እንሰማቸዋለን። ሆኖም የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን፥ የመመዝገቢያውንም ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ከሩቅ አገር የመጣ ተጫዋች፥ በትሩን በቅጡ ሳይጨብጥ ቢሸነፍ ምኑን ተወዳደረ እንላለን? በ4 ኢንች ተኩል ቀዳዳ ሲለማመድ ከርሞ በ4 ኢንች የሚፈተነውም እንደዚሁ ነው፤ ባልተማረው ትምህርት የመጨረሻ ፈተና እንደ ተሰጠው ተማሪ። ይህንን እኛ ካላወቅነው ማን ያውቀዋል!

ስለዚህ አዘጋጆቹ የቀዳዳውን ስፋት፥ የጨርቁን ዓይነት፥ የድርደራውንና የመክፈቻውን ደንብ ተጫዋቹ ቲኬቱን ከመግዛቱ በፊት ያስታውቁ፤ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም አይንኩት። መክፈቻውም ተራ በተራ ይሁን። ይህ የጨዋታውን ጣዕም ያጠፋዋል የሚሉ ሰዎች በ1994 የተጀመረውን የሞስኮኒ ካፕ ይመልከቱ። አውሮፓና አሜሪካ በየዓመቱ የሚገጥሙበት ይህ ውድድር መክፈቻው ተራ በተራ ነው፤ ተመልካቹም ሲጮኽና ሲዘፍን ነው የሚያመሸው።