ሩጫውን ትተን እንደርድር

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ጊታር ሲጻፍ «ሌላ ቁም ነገር ጠፍቶ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ነገ በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ የምንመራው እኛው ሠልጣኞች ነን። እዚህ በስሕተት የለመድነውን እዚያ ማስተማራችን ስለማይቀር ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

ማታ ማታ በክበባችን ክፍል በኩል ያለፈ ሁሉ የሚሰማው ያው አንድ ነገር ነው፤ ስኬል ወደ ላይ፣ ስኬል ወደ ታች፣ ከዚያ ያንኑ በፍጥነት። እኔም ከሯጮቹ አንዱ ነበርኩ። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሶሎ ስጫወት ጣቶቼ ከስኬሉ አንድም ድምፅ አልሳቱም። ነገር ግን አጃቢው ኮርድ በለወጠ ቁጥር የኔ ድምፅ አየር ላይ ቀረ። ከወረድኩ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «መቼ ይጀምራል እያልኩ ስጠብቅ ጨረስክ» አለኝ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር።

የጎደለኝ አርፔጆ ነው። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን ምንጩም እንደ በገና በጣት የሚደረደር «አርፓ» የተባለ የክር መሣሪያ ነው። የኮርዱን ድምፆች ባንድ ላይ ከመምታት ይልቅ አንድ ባንድ ነጥሎ ማሰማት ማለት ነው፤ እኛስ በገና ደረደረ አይደል የምንለው? የዶ ኮርድን ያዙና ከአምስተኛው ክር ጀምራችሁ አንድ ባንድ ንኩ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ። ይኸው ነው። ታዲያ ኮርዱ ወደ ሶል (ሶል፣ ሲ፣ ሬ) ሲዞር፣ ሚ ላይ የነበረ ጣት ሬን፣ ዶ ላይ የነበረው ሲን ከአጠገቡ ያገኛል፤ ሶል ላይ የነበረማ ንቅንቅ ማለት አያስፈልገውም። ይህን ያወቀ ሰው ከራሱ አፍልቆ ሲጫወት በሦስት ድምፅም ቢሆን ዘፈኑ ወዴት እንደሄደ ያሰማል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልማን ሃውኪንስ እ.ኤ.አ. በ1939 «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን ሲቀዳ የዜማውን መነሻ ጥቂት ነክቶ ቀሪውን በኮርዶቹ ድምፆች ላይ ነው የገነባው። በዚያው ዓመት ከቤኒ ጉድማን ጋር መሥራት የጀመረው ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያንም ሶሎውን የሚያወጣው ከኮርድ አያያዙ ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነው፤ ለኛ ቅኝት አይሆንም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። ከዶ የሚነሳውን ትዝታ ሜጀር ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የዶ ኮርድና የላ ማይነር (ላ፣ ዶ፣ ሚ) ሙሉ በሙሉ በውስጡ አሉ። የሶልን ኮርድ ብትደረድሩ ግን ሲ ትገባለች፤ የፋን ብትደረድሩ ደግሞ ፋ ራሷ። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አምባሰል ደግሞ ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እዚህ ሚ በምንም መልኩ ስለሌለች የመነሻው የዶ ኮርድ ራሱ ሙሉ ሆኖ አይቆምም! የሚቆሙት የሬ ፍላት ሜጀርና የፋ ማይነር ናቸው። ስንቶቻችን ነን ይህን ሳናይ በአምባሰል ላይ የዶ ኮርድ እየመታን ዜማውን የምናበላሸው? እንግዲህ ቅኝታችን አርፔጆን አይከለክልም፤ የትኛውን እንደምንደረድር ግን ራሱ ይመርጥልናል።

«ልምምድ ስሜትን ይገድላል» የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። ጣቱ ገና መንገድ የሚፈልግ ሰው ስሜቱን በምን ጊዜው ያዳምጣል?

ክበባችን ያለው ጊታር አንድ ብቻ ነው። (ስድስተኛው ክሩ ከተበጠሰ ስንት ጊዜው! ደግነቱ ከላይ ላልኩት የዶ ኮርድ አያስፈልግም።) ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ለሁለት ኮርድ ብቻ ይሁን፤ በቀስታ፣ የየድምፁን ስም ጮክ ብሎ እየጠሩ መደርደር። የክበቡ ኃላፊዎችና የሙዚቃ መምህራችን እንዲመክሩበት እጠይቃለሁ። የሚቃወመኝ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ጽፎ ይለጥፍ።