የሚስት ውጤት የባል ውጤት አይደለም

በነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል ደጋግሜ የምሰማው አንድ ንግግር አለ። እናቲቱ ተመርምራ ከኤችአይቪ ነጻ መሆኗ ሲነገራት፣ ባለቤቷም መጥቶ እንዲመረመር እንጠይቃታለን። በቀጣዩ ቀጠሮ ብቻዋን ትመጣና «አንቺ ነጻ ከሆንሽ እኔም ነጻ ነኝ አለኝ» ትለናለች።

ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ስህተት ነው። ከጥንዶች አንዱ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ ሌላው ለዓመታት ሳይያዝ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ነጻ የተባለች ሚስት ነገ በዚያው ትዳር ውስጥ ልትያዝ ትችላለች።

በ2010 ዓ.ም አካባቢ በሀገራችን ከተሞች በተካሄደ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 4.1 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 1.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት ተፈጥሯዊ ነው፤ በግንኙነት ወቅት የሴቷ አካል ለቫይረሱ ይበልጥ ይጋለጣል። ነገር ግን ጉዳዩ በተፈጥሮ ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ሕጋችን ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርግም ከዚያ በታች የሚዳሩ ልጃገረዶች አሁንም አሉ። ብዙውን ጊዜ ባል በዕድሜ ይበልጣል፤ ገንዘቡም በእሱ እጅ ነው። እንዲህ ያለች ሙሽራ «ተመርምረሃል ወይ?» ብትል እንደ ድፍረት፣ ኮንዶም ብታነሳ እንደ ክህደት ይቆጠርባታል። «አንድ ለአንድ መወሰን» የሚለውን ምክር እሷ ብቻ ብትፈጽመው አያድናትም።

ሌላም ችግር አለ። በእርግዝና ክትትል ምክንያት ብዙ ጊዜ ከቤቱ ቀድማ የምትመረመረው ሴቷ ናት። ቫይረሱ ሲገኝባት፣ ቀድማ ስላወቀች ብቻ ቀድማ እንደተያዘች ተቆጥሮ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ትባላለች። ምርመራው ግን ማን ከማን እንደያዘው አይናገርም። ይህን ወቀሳ ፈርተው መድኃኒታቸውን ደብቀው የሚውጡ፣ ሲብስም የሚያቋርጡ እናቶች አሉ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

• ባልና ሚስት አብራችሁ ተመርመሩ፤ ውጤቱንም በባለሙያ ፊት አብራችሁ ስሙ።

• ቫይረሱ ከተገኘ ጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። እናትም ሕክምናዋን ከተከታተለች ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍተኛ ነው።

• ውጤትሽን ለባለቤትሽ መንገር ጉዳት ያመጣብኛል ብለሽ ከፈራሽ፣ አስቀድመሽ ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት።

• የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ሳትዘገይ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ። ቫይረሱ እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ።

ባለትዳር ወንድ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎን ብቻዋን አይላኳት። አብረው ይምጡ፤ ክንድዎን ለምርመራ መዘርጋት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።