አሸዋ የገዛና ወለል የምትወለውል

በዱባይ ጠረፍ የተዘረጋው ፓልም ጁሜራ ተፈጥሮ ያልሠራው ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ግንባታው ሲጀመር ከባሕረ ሰላጤው ወለል የተመጠጠ አሸዋ በዘንባባ ቅርጽ ተከመረ። በ2002 የዱባይ መንግሥት የውጭ ዜጎች በተመረጡ ሥፍራዎች ቤት እንዲገዙ ፈቀደ፤ በ2006 ደግሞ መብቱን በሕግ ቁጥር 7 አጸናው። ዛሬ 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ቤት የገዛ ሰው የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ለመሆኑ የዚያን ቤት ወለል የምትወለውለው እኅታችንስ? የእርሷ ፈቃድ የታሰረው ከአሠሪዋ ጋር ነው። ዐሥር ዓመት ብታገለግልም፣ ውሏ ሲያበቃ ሌላ አሠሪ ካላገኘች ሻንጣዋን መሸከፍ ግድ ይሆንባታል። ቤቱን የገዛው ነዋሪ፣ ቤቱን ያጸዳችው ግን እንግዳ ናት።

ይህን የማነሣው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። የእኛም ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ለውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነትን ፈቅዷል፤ ዝቅተኛው መነሻ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ለጠማት አገር ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ በሦስተኛ ዲግሪ የማስተምረው እኔ እንኳ ከደመወዜ ቆጥቤ ቤት መግዛት ካልቻልኩ፣ የቀን ሠራተኛውማ በዶላር ከሚገዛ ጋር እንዴት ይጫረታል? ስለዚህ ከዚህ ሽያጭ ከሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት መሥሪያ እንዲውል በሕግ ይደንገግ። አለዚያ የባሕር በር በሌላት አገር ደሴት መሥራታችን ነው።