በበየዳ የአባቶች በራስ መተማመን በምን ይለካ?

የሕፃናትን ጤናና አስተዳደግ ለማሻሻል በሀገሪቱ የተዘረጉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በእናቶች ላይ ትኩረት አድርገው መቆየታቸው ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ቀበሌዎች ያሰማራቸው ባለሙያዎች ሴቶች ሲሆኑ፣ ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ የሚያገኙትም እናትን ነው። አባት በዚያ ሰዓት ወይ እርሻ ላይ ወይ ገበያ ነው።

በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ መቀንጨራቸውን አመልክቷል። ይህ አኃዝ ከሀገር አቀፉ አማካይ 38 በመቶ የላቀ ነው። ከራስ ደጀን ተራራ ግርጌ እንደሚገኘው የሰሜን ጎንደር ዞን በየዳ ወረዳ ባለ ደጋማ ገጠር፣ በግ ተሽጦ የታመመ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ አይወሰድ የሚለው ውሳኔ ያለ አባት ፈቃድ የሚያልቅ አይደለም። በመሆኑም አባት ልጁን ለመንከባከብ ምን ያህል በራሱ ይተማመናል የሚለው ጥያቄ የዕቅድ ጥያቄ ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ በ1977 እንዳስረዱት፣ ሰው አንድን ተግባር መሞከሩና መቀጠሉ ‘እችላለሁ’ ብሎ በማመኑ ላይ ይመሠረታል። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ 17 ጥያቄዎች ያሉት የወላጆች መመዘኛ ተዘጋጅቷል።

ይሁንና እንዲህ ያለውን መጠይቅ ተርጉሞ ብቻ ወደ በየዳ መውሰድ የተሳሳተ አኃዝ ይዞ መመለስን ሊያስከትል ይችላል። ‘ልጅዎን ለማሳደግ በራስዎ ይተማመናሉ?’ ተብሎ ‘እንደ ፈቃዱ ነው’ የሚል አርሶ አደር የተናገረው ትሕትናውን እንጂ ሥጋቱን ላይሆን ይችላል። ነጥቡ ግን ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። ከወረዳ በመጣ ሠራተኛ ፊት ‘አልችልም’ ማለት የሚያሳፍረው ሌላው አባት ደግሞ ሕፃን አቅፎ ሳያውቅ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል።

የሚሻለው ስለ ተለየ ተግባር መጠየቅ ነው። ሕፃኑን ሌሊት ቢያተኩሰው ምን ያደርጋሉ? እናቱ ወፍጮ ቤት ስትውል ማን ያበላዋል? ባለፉት 3 ቀናት ከልጅዎ ጋር ተጫውተዋል? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት /ዩኒሴፍ/ በሚደግፋቸው የቤተሰብ ዳሰሳዎችም የመጨረሻው ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል።

ጉዳዩ አርሶ አደሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ የሰጠው የ5 ቀናት ፈቃድ በ2010 ዓ.ም አዋጅ ወደ 10 የሥራ ቀናት አድጓል። ቀናቱ በእጥፍ አደጉ እንጂ አባት በቀናቱ ምን ለመሥራት እንደሚችል የፈቃድ ቅጽ አይጠይቅም።

ልኬቱን አንድ ጊዜ ብቻ ማካሄድም አይበቃም። ሥልጠና ወስዶ ሕፃን ማጠብና ማብላት የጀመረ አባት፣ ሥራው ቀላል አለመሆኑን ስለሚረዳ በሁለተኛው ዙር ነጥቡ ሊቀንስ ይችላል። የወረዳው ሪፖርት አዘጋጅ ይህን ‘የፕሮግራሙ ውድቀት’ ብሎ ከመመዝገቡ በፊት አባትየው ምን መሥራት እንደጀመረ ሊመለከት ይገባል።