የግል ሕመም በምንለው ውስጥ ያደረው ቫይረስ

በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ ባሉት አገሮች፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሕዝቡ ሕመምን በሁለት ከፍሎ ይመለከታል። አንደኛው የአገር ሕመም ነው፤ እንደ ኩፍኝና እንደ ወባ፣ በድሮ ዘመንም እንደ ፈንጣጣ ያለው፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት በዓይን የሚታየው ነው። ሁለተኛው የግል ሕመም ነው፤ ሰውየው «ተፈጥሮዬ ነው»፣ «ዕድሌ ነው» እያለ ከቤተ ሰቡ በቀር ለማንም ሳይናገር የሚሸከመው ነው። የመጀመሪያውን ለመከላከል ሁሉም ይተባበራል፤ ሁለተኛውን ግን ባለቤቱ ብቻውን ይታመመዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ አከፋፈል በብዙ ስፍራ ስሕተት ነው። የግል ከምንለው ሕመም ከፊሉ ከብዙ ዘመን በፊት ከሌላ ሰው ተቀብለነው በሰውነታችን ውስጥ አድሮ በቀረ ቫይረስ ምክንያት የሚመጣ ነውና።

ከቀላሉ እንጀምር። ምችን የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ በጓዳ ወጥ ስትሠራ ቆይታ በቀትር ፀሐይ ወደ ገበያ ትወጣለች፤ በማግሥቱ ከንፈሯ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ጎረቤቶቿም «ምች መታት» ብለው ዳማከሴ ይጨምቁላታል። ምች የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም፤ ራስ ምታቱም ትኩሳቱም በዚሁ ስም ይጠራል። በከንፈር ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ እየተመላለሰ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ የተባለው ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በልጅነት ከሌላ ሰው ምራቅ ይገባል፤ ከዚያም በፊት ነርቭ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ ይተኛል። ትኩሳትና ድካም ይቀሰቅሱታል፤ ብርቱ ፀሐይም ይቀሰቅሰዋል። እንግዲህ «ፀሐይ ነው» ያሉት እናቶቻችን ነገሩን በደንብ ተመልክተውታል፤ ያልታያቸው አስቀድሞ በቤት ውስጥ የተኛው እንግዳ ብቻ ነው። ተምረናል የምንል ሰዎች በዚህ ስም መሣቃችንን ብንተው መልካም ይመስለኛል። ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ግን አራስ ቤት ገብቶ ሕፃን መሳም የለበትም፤ ለአዋቂ ቀላል የሆነው ቫይረስ አዲስ የተወለደውን ሕፃን ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

አልማዝ ባለጭራም እንደዚሁ ነው። በጐን ወይም በፊት ባንዱ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ተዘርግቶ የሚያቃጥለው ይህ ሽፍታ ከውጭ አዲስ የመጣ ሕመም አይደለም። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ወጥቶ የነበረው ቫይረስ ከነርቭ ሥር ተደብቆ ቆይቶ ሰውነት ሲደክም ይነሣል፤ ስለዚህም ሽማግሌዎችን ያዘወትራል። በወጣት ላይ የወጣ እንደ ሆነ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ሁሉ በዚህ መጠርጠርና በሐሜት ማቃጠል ከሽፍታው የባሰ ጭካኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የወፍ በሽታ የሚባለው ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነና ሽንቱ የጠቆረ ሰው ሲገኝ የሌሊት ወፍ ነካችው፣ ወይም ሽንቷ ፈሰሰበት ይባላል። መድኃኒት ዐዋቂ ይፈለግና ክንዱን በሚያቆስል ቅጠል ያስሩለታል፤ ሥራ ሥርም ጨቅጭቀው ያጠጡታል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ይድናል፤ ቅጠሉም ይመሰገናል። የሚድነው ግን አብዛኛው የጉበት መቈጣት ራሱ በጥቂት ሳምንት የሚበርድ በመሆኑ ነው። ቢጫነት የሕመም ስም ሳይሆን ምልክት ነው፤ ከምክንያቶቹም ዋነኞቹ ሄፓታይተስ የተባሉት ቫይረሶች ናቸው። ኤ እና ኢ የተባሉት በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በጦር ሠፈሮች ውስጥ ተነሥቶ የነበረው የጉበት ወረርሽኝ የኢ ሥራ እንደ ነበር በምርመራ ተረጋግጧል። ቢ የተባለው ግን በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ቫይረስ በሰፊው መናገር ያስፈልጋል።

የሄፓታይተስ ቢ ተንኰሉ በዕድሜ ላይ ነው። አዋቂ ሰው ቢያዝ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይሰነብትና ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን ከሰውነቱ ያስወግዳል፤ ከመቶ በቫይረሱ እንደ ተያዙ የሚቀሩት አምስት እንኳ አይሞሉም። በተወለደ ጊዜ ወይም በመጀመሪያው ዓመት የተያዘ ሕፃን ግን ምንም ሕመም ሳይታይበት ያድጋል፤ ነገር ግን ከመቶ ሕፃናት በዘጠናዎቹ ያህል ቫይረሱ ሳይለቅ ይቀራል። ልጁ ይማራል፣ ያርሳል፣ ያገባል። በ30 ወይም በ40 ዓመቱ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ይኮማተራል፣ ሆዱም ውኃ ይቋጥራል፤ ወይም የጉበት ነቀርሳ ይነሣበታል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ይሰበሰብና ከፊሉ አረቄ ነው ይላል፣ ከፊሉ መድኃኒት አቅምሰውት ነው ይላል፣ ከፊሉም ቡዳ ነው ይላል። አረቄ ከቶ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሰካራም ተብሎ ሲቀበር፣ ሚስትየዋም አቅማሽ ተብላ ስትታማ ከዚህ የከፋ ምን በደል አለ? ልጆቹስ ሳይመረመሩ ይቀራሉ አይደለምን?

ይህ ግንኙነት መላ ምት አይደለም። ብላምበርግ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ የቫይረሱን ምልክት በደም ውስጥ ማግኘታቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 አሳወቁ፤ በ1976ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን መከተብ በጀመረች ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ነቀርሳ ቀነሰ። ቫይረሱን ሲከለክሉ ነቀርሳው ከቀነሰ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በአገራችንም በጎንደር ተወልደው በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ስለ ጉበት ሕመምና ስለ እነዚህ ቫይረሶች ለብዙ ዘመን መርምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ ገመተው ሄፓታይተስ ቢ በሰውነታቸው ያደረ ሰዎች 254 ሚሊዮን ናቸው።

ይሁን እንጂ ቫይረስን ያወቀ ሰው ሁሉን ነገር በቫይረስ እንዳያሳብብ እለምናለሁ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ ብዙ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ በጉበት ሕመም ሲሞቱ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ በኋላ ግን ምርመራው ያመለከተው ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም መርዝ ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር ብዙ ዓይን ያጠፋው ትራኮማም እስከ 1960ዎቹ ድረስ በቫይረስ የሚመጣ ይመስላቸው የነበሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ባክቴሪያ መሆኑ ስለ ታወቀ በመድኃኒት ይታከማል። ስለዚህ «ከትኩሳቱ በኋላ መጣብኝ» ማለት ብቻውን «ከትኩሳቱ የተነሣ መጣብኝ» ማለት አይደለም። የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ምላጩ እንምጣ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ሰባት ቀን ያህል ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ ቅዳሜ የአንዱን ሕፃን እንጥል የቈረጠ ምላጭ በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላውን ቢገርዝበት፣ ድድና አንገት የሚነቀስበት መርፌ ከአንዲቱ ልጃገረድ ወደ ሁለተኛዪቱ ቢተላለፍ፣ የዋገምቱም ምላጭ በጨርቅ ብቻ ተጠርጎ ቢቀመጥ፣ የምንሰጠው ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። እንጥል ማስቈረጥ ጥቅም የሌለው ስለ ሆነ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። ስለ ንቅሳቱ አያቶቻችንን መንቀፍ አልፈልግም፤ ውበታቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ቫይረሱ የነገራቸው አልነበረም። ጠጕር አስተካካዩ ግን ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ እንዲያወጣ ደንበኛው ራሱ ይጠይቅ፤ ይህ ነውር አይደለም።

ስለ ክትባቱ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተደምሮ ለሕፃናት በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለድን፣ አስተማሪዎቹም እኔም ጭምር፣ በልጅነታችን አላገኘነውም። ከእናት የሚመጣውን ለመከላከልም ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንደሚገባው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከበሽሎ ሸለቆ ዳር በቤቷ የምትወልድ የስማዳ እናት ይህች ሰዓት ታልፋታለች። ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ብትጠይቅ የምታድነው ልጇ ሕፃን ሳለ የሚይዘውን ሳይሆን በ40 ዓመቱ የሚገድለውን ነው። ቫይረሱ የተገኘበትም ሰው ተስፋ መቍረጥ የለበትም፤ ሁሉም መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ለሚያስፈልገውም ተኖፎቪር የተባለ እንክብል አለ። እስከዚያው ከአረቄ መራቅና ያልታወቀ ሥራ ሥር አለመጠጣት ግዴታው ነው።

አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ይኸውም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ተማሪ ሲገኝ ከሌሎቹ ይለይ ወይ? የሚል ነው። በልጆች ዘንድ የሚበዛው የውኃና የምግቡ ዓይነት ስለ ሆነ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እስኪሻለው በቤቱ ይረፍ፤ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ይታይ፣ እጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙናም ይቅረብ። በቤቱ ነፍሰ ጡር እናት ወይም እኅት ካለች ሳይውል ሳያድር ትመርመር፤ የኢ ቫይረስ በነፍሰ ጡር ላይ እጅግ ይከፋልና። ቢ የተገኘበት ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ወንበር ይቀመጥ፣ ባንድ ሞሰብም ይብላ፤ ቫይረሱ በጉርሻም በሰላምታም አይተላለፍም። ደም ሲፈስሰው ቍስሉን መሸፈን ብቻ ይበቃል።