መስቀሉስ የታለ?

በትምህርት ክፍላችን ካሜራ የያዘ ሁሉ የሰው ፎቶ ሲያነሳ የሌንሱን አፐርቸር እስከ ጥግ መክፈት ይወዳል። ከኋላ ያለው ደብዝዞ ፊት ብቻ ጎልቶ ሲወጣ «ይሄ ነው ፕሮፌሽናል!» እንባባላለን። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። ላሊበላ ሄጄ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ አንድ አረጋዊ ቄስ አገኘሁ። መስቀል ተሳልሜ፣ አስፈቅጄ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት አነሳኋቸው። አፐርቸሩን ኤፍ 1.8 ላይ አድርጌዋለሁ። ፎቶውን ሳሳያቸው ትንሽ ዝም አሉና «የኔ ልጅ፣ እኔስ አለሁ፤ መስቀሉስ የታለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወደ ፊት ዘርግተው የያዙት መስቀል ጉም ሆኗል፤ ከአለት የተፈለፈለው ግድግዳም ቀይ ደመና መስሏል። አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ውስጥ ቢነሱ ምን ልዩነት ነበረው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፐርቸር ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን በብዛት ይገባል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግን ይጠባል። በዚያ ርቀት በኤፍ 1.8 የሚጠራው ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ኤፍ 8 ላይ ይህ ጥልቀት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ካልን ፊትና መስቀል አብረው ይጠራሉ። ዋጋው ብርሃን ነው፤ ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል። ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ደጅ ላይ ብርሃን አይቸግርም። እንዲያውም በጠራራ ፀሐይ በኤፍ 1.8 ካነሳን የብዙ ካሜራ ሻተር ፍጥነት አልበቃ ብሎ ነጩ ጋቢ ይነጣል፣ ጥለቱም ይጠፋል።

ሁልጊዜ ኤፍ 8 ይሁን ማለቴ አይደለም። ቤተ ማርያም ውስጥ ጨለምለም ይላል፤ ፍላሽ ደግሞ ለጸሎተኛም ለጥንታዊ ሥዕልም አይበጅም። ተፈቅዶልን ካነሳን አፐርቸሩን መክፈት ግድ ነው፤ ፎከሱን ወደኛ በቀረበው ዓይን ላይ እናድርግ። ቅዳሜ ገበያም ላይ ከሰውዬው ጀርባ የቆመ መኪናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ካስቸገረን ኤፍ 2.8 ይገላግለናል። የምቃወመው ሳያስቡ መክፈትን ነው። አንዳንዱ ጀርባ ኮተት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሰውዬው ማንነት ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ቄሱን በኤፍ 8 አነሳኋቸው። ፎቶው ላይ መስቀሉን በጣታቸው ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። ለእኔ ከየትኛውም ማርክ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ቁጥሩን ከመምረጣችን በፊት የምናነሳው ሰው ምን ይዞ፣ የት እንደቆመ እንይ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?